ፊቱ ለማይታይ ድምፅ ምን ዕዳ አለብን?



ባለፈው ዓቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ጠብቀውኝ ወደ ቢሮዬ ገቡ። የመጡት ለመናዘዝ አልነበረም፤ ጉዳዩንም ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ብጽፈው እንደማይከፋቸው በኋላ ስለ ነገሩኝ እዚህ የማነሣው በፈቃዳቸው ነው። ስማቸውንና መንደራቸውን ትቼዋለሁ። ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «አባ፣ ሰውን አለማመን ኃጢአት ነው ወይ? ከእንግዲህ ማንንም ላለማመን ለራሴ ምያለሁና ይህ መሐላ ነፍሴን እንዳይጎዳት ፈርቼ ነው» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኚህ እናት በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ በመሸጥ የሚተዳደሩ፣ ለብዙ ዓመታትም የአንድ የሴቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆነው ያገለገሉ ናቸው። የማኅበሩ ገንዘብ ቀድሞ በሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም ኤም ፔሳ በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ግን ገንዘብን በስልክ መያዝ በገጠር ከተሞች ሳይቀር ስለ ተለመደ፣ የማኅበሩም መዋጮ በእርሳቸው ስልክ ይጠራቀም ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ስልካቸው ጮኸ። የሚናገረው ወጣት ትሑትና የተረጋጋ ነበር። ከሆስፒታል እንደሚደውል፣ ልጃቸው የመኪና አደጋ እንደ ደረሰበት፣ ነገር ግን ሕይወቱ እንዳላለፈችና መደንገጥ እንደማይገባቸው ነገራቸው። እርሳቸውም ጮኸው የልጃቸውን ስም ጠሩና «እርሱ ነው? አዲስ አበባ ያለው?» አሉት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደዋዩ ልጁን በስሙ እየጠራ መናገር ቀጠለ። ልብ በሉ፤ ስሙንም የሚኖርበትንም ከተማ የነገሩት እናት ራሳቸው ናቸው። በኋላ ግን ያስታወሱት «ልጄን በስሙ ያውቀዋል» ብለው ማመናቸውን ብቻ ነበር።

ቀጥሎ «ሐኪሙ» የተባለ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀዶ ጥገናው እንዲጀመር 18,000 ብር በግማሽ ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት አለ። ስልኩን እንዳይዘጉ፣ ጎረቤት ቢሰማ ግርግር ተነሥቶ ጊዜ ስለሚጠፋ ለማንም እንዳይናገሩ አስጠነቀቃቸው። የራሳቸው ገንዘብ 5,000 ብር ያህል ነበር፤ የቀረውን ከማኅበሩ ላይ አንሥተው፣ «ልጄ ይዳን እንጂ እተካዋለሁ» ብለው ላኩ። ወደ ማታ ልጃቸው እንደ ልማዱ ሲደውል ከሥራ ቦታው ወጥቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር።

ይህን የመሰለ ታሪክ ዛሬ ያልሰማ ሰው የለም። ስለዚህም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አዲስ ወሬ ማቅረብ አይደለም። የእኚህ እናት ጥያቄ ግን እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ የሚገባው አልመሰለኝም። ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ባልንጀራችንን በመልካም እንድናስብ፣ በማንም ላይ እንዳንፈርድ፣ ለምኖን እጁን የዘረጋውን እንዳንመልስ ነው። አሁን ደግሞ በየስብከቱና በየስብሰባው «ተጠንቀቁ፣ አትመኑ» እንላለን። ሁለቱ ቃላት ከአንድ አፍ እንዴት ይወጣሉ? አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሕፃናቱን ስለ ደጉ ሳምራዊ ካስተማረ በኋላ በዚያው ዕለት ስለ ስልክ አጭበርባሪ ቢያስተምር፣ ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ የትኛውን እንያዝ ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል?

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የመጀመሪያው ረጅም መስመር 477 ኪሎ ሜትር እንደ ነበር ይነገራል። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ካህናት አካል የሌለው ድምፅ ከሰይጣን ነው ብለው እንደ ተደናገጡ የሚገልጽ ወሬ በአፍ ሲነገር ኖሯል። በዘርአ ክህነት ሳለን ይህን ስንሰማ በአባቶቻችን ላይ እንስቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን መልሳቸው የተሳሳተ ቢሆንም ጥያቄያቸው ትክክል ነበር እላለሁ። አካሉን፣ ፊቱንና መምጫውን የማያሳይ ድምፅ ሲናገረን አስቀድሞ «ይህ ድምፅ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የድንቁርና ምልክት አይደለም።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ላይ ያለው የይስሐቅ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምረናል። ሽማግሌው ዓይኑ ፈዝዟል፤ ያዕቆብ የፍየል ጠቦት ቆዳ በእጁ ላይ አድርጎ፣ የወንድሙን ልብስ ለብሶ ቀርቧል። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ማታለሉን ነው። ነገር ግን ይስሐቅ ጨርሶ ያልጠረጠረ የዋህ አልነበረም፤ ድምፁ የታናሹ ልጁ መሆኑን ለይቷል። አደኑ እንዴት እንዲህ ፈጥኖ እንደ ተገኘም ጠይቋል። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ የሚያስደነግጥ ነው፤ ልጁ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ እርሱ እንዳቃናለት ተናገረ። ጥርጣሬውን የዘጋው የአምላክ ስም፣ የተዘጋጀው ምግብና የልብሱ ሽታ ነበር። በስልክ የሚያታልሉንም እንዲሁ ናቸው። መንፈሳዊ ሰው መሆናችንን በድምፃችን ከተረዱ «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው»፣ «እመቤቴን» እያሉ ይምላሉ። ልዩነቱ ይስሐቅ የሚዳስሰው እጅ መኖሩ ነው፤ እኛ ድምፁን ብቻ ነው የምናገኘው። ደግሞም ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ የአንድን ሰው ድምፅ ከአጭር ቅጂ ወስዶ ማስመሰል ስለ ተቻለ፣ «የልጄን ድምፅ አውቀዋለሁ» ማለት እንኳ እንደ ቀድሞው በቂ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሱማ ቴዎሎጂካ በተባለው መጽሐፉ፣ በሁለተኛው ክፍል ሁለተኛ ምዕራፍ፣ በ60ኛው ጥያቄ አራተኛ አንቀጽ ይህንኑ ያነሣል፤ ስለ ሰው አጠራጣሪ ነገር ሲያጋጥመን ወደ መልካሙ ልንተረጉመው ይገባናል ወይስ አይገባንም? መልሱ ይገባናል የሚል ነው። እንዲያውም ክፉውን ሰው ደግ ነው ብሎ ብዙ ጊዜ መሳሳት፣ ደጉን ሰው ክፉ ነው ብሎ ጥቂት ጊዜ ከመሳሳት እንደሚሻል ይናገራል፤ በሁለተኛው ስሕተት በሰው ላይ በደል ስለሚፈጸም ነው። ይህን ብቻ አንብቦ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው፣ እኚያ እናት 18,000 ብር መላካቸው የተገባ ነበር ሊል ይችላል።

ሊቁ ግን በዚያ አላቆመም፤ ሁለት ነገሮችን ለየ። አንደኛ፣ ስለ ሰው መፍረድና ስለ ነገር መፍረድ አንድ አይደሉም። ስለ ሰው ስንፈርድ ክብሩ ስለሚነካ ወደ በጎው እናዘነብላለን፤ ስለ ነገር ስንፈርድ ግን ነገሩን እንዳለ ለማየት እንጥራለን፤ ነገር በእኛ ፍርድ አይበደልምና። ሁለተኛ፣ በራሳችንም ሆነ በሌላው ላይ ሊደርስ ለሚችል ክፉ ነገር መከላከያ ስናበጅ ክፉው እንደሚደርስ አድርገን ብናስብ ይጠቅማል፤ ለከባዱ አደጋ የሚበቃ መድኃኒት ለቀላሉም ይበቃል። ይህ ማሰብ እንጂ ፍርድ አይደለም። ሌሊት በራችንን ስንቆልፍ መንደርተኛውን ሁሉ ሌባ ብለን አልፈረጅንም። በቁምስናችን የእሑዱ መባ በሁለት ሰው ፊት ይቆጠራል፤ ከቆጣሪዎቹም አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ሰው በመኖሩ ተሰድቤ አላውቅም።

በዚህ መለያ መሠረት «ደዋዩ ሌባ ነው» ማለትና «ይህ ጥሪ ገና አልተረጋገጠም» ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በሰው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ ልንቸኩልበት አይገባም። ሁለተኛው ስለ ነገሩ የሚነገር እውነት ነው። ስልኩን ዘግተን፣ አስቀድመን በምናውቀው ቁጥር ለልጃችን፣ ለባንኩ ወይም ለሆስፒታሉ ራሳችን ብንደውል በማንም ላይ አልፈረድንም። ደዋዩ እውነተኛ ከሆነ በአምስት ደቂቃ መዘግየት የሚጎድልበት ነገር አይኖርም፤ እንዲያውም ያመሰግነናል። ካልሆነ ደግሞ ኃጢአቱን እንዳይፈጽም ከለከልነው። ስለዚህ ለእኚያ እናት የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነበር፤ ሰውን አለማመን ቁልቁል የሚወስድ መንገድ ነው፣ መሐላዎትንም ይተዉት፤ ያልተረጋገጠን ነገር አለማመን ግን ኃጢአት አይደለም፣ ጥበብ የተባለችው ምግባር ሥራ ነው እንጂ።

እርሳቸው ግን ነገሩ በዚህ እንዳላለቀ አሳዩኝ። «አባ፣ ስልኩን በጆሮው ላይ ልዝጋበት?» አሉኝ። ይህችን አባባል በሌላ ቋንቋ ለማስረዳት ያስቸግር ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ በሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት በፊቱ ላይ በር ከመዝጋት አይተናነስም። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ የሰውዬውን ጤንነት፣ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የአገሩን ሰላም ሳንጠይቅ ወደ ጉዳይ አንገባም፤ ስንለያይም እንዲሁ። የመሸበትን መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ብለን ማሳደር የተማርነው ከእናቶቻችን ነው። አታላዩ የሚገባው በዚህ መልካም በር መሆኑ እጅግ ያሳዝናል። «እማማ» ብሎ ሲጀምር ልጅ ይሆናል፤ ልጅ ከሆነ ደግሞ እናት ልትሰማው ግድ ነው።

ነገር ግን የእግዚአብሔር እንግዳ በደጅ ቆሞ ይታይ እንደ ነበረ አንርሳ። ውሻው ይጮህበታል፤ የቤቱ ጌታ ወጥቶ ከወዴት እንደ መጣ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል፤ እርሱም ሳይቀየም ይመልሳል። ጥየቃው ራሱ የእንግዳ አቀባበሉ ክፍል ነበር። ደጉ ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው አየ፣ ቀረበ፣ ቁስሉን በእጁ አሰረ፤ ገንዘቡንም ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ በእጁ ሰጠ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሩቅ ላሉ በኢየሩሳሌም ቅዱሳን መዋጮ ሲሰበስብ፣ በማኅበሩ የተመሰከረላቸው ሰዎች ይዘውት እንዲሄዱ ማድረጉን በቆሮንቶስ መልእክቶቹ ውስጥ እናነባለን። በሩቅ ላለ ችግረኛ የሚደረግ ምጽዋት በታወቀ እጅ እንዲሄድ መፈለግ የፍቅር ማነስ ምልክት ከሆነ፣ ጳውሎስም ፍቅር አንሶት ነበር ማለት ነው።

አሁን አታላዮቹ ስለሚጠቀሙባቸው መንገዶች በጥቂቱ ልናገር። አንዳንዱ ከቴሌ ወይም ከባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ይደውላል፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ ለማደስ በስልክዎ የመጣውን ቁጥር ያንብቡልኝ ይላል። ያ ቁጥርና የምስጢር ቁጥራችን የቤታችን ቁልፍ ናቸው፤ ለሥራው ብሎ ይህን የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም። ሌላው በዕጣ ትልቅ ሽልማት እንደ ደረሰን አብሥሮ የማስተላለፊያ ወይም የግብር ገንዘብ አስቀድመን እንድንከፍል ይጠይቃል። ያልገዙት ዕጣ እንደማይወጣ ሁላችን እናውቃለን፤ ሆኖም ድህነትና ተስፋ ተባብረው ያስረሱናል። ሦስተኛው በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ ብሎ እያለቀሰ እንድንመልስለት ይለምናል፤ አስቀድሞ የባንክ መልእክት የሚመስል የሐሰት ጽሑፍ ልኮልናል። ለዚህ መድኃኒቱ መልእክቱን ሳይሆን የራሳችንን ሒሳብ መመልከት ነው። በእውነት የተሳሳተ ላኪ ቢኖርም አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ዘንድ አመልክቶ ሊያስመልስ ይችላልና እኛ መልሰን የምንልክበት ምክንያት የለም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች አይጠፉም፤ ችኮላና ምስጢር። «አሁኑኑ» እና «ለማንም አትናገር» የሚሉት ቃላት በአንድነት ሲመጡ፣ ሌላው ሁሉ እውነት ቢመስል እንኳ ቆም ማለት ይገባል። ማሰብ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክርም ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ አታላዩ የሚነጥቀን እነዚህን ሁለቱን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በመምህራን ስብሰባ ስንወያይ አንድ ወጣት መምህር፣ «አባ፣ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ እያለኝ ለደዋዩ ‹ምንም የለኝም› ብለው ዋሸሁ ይባላል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የቅዱስ አጎስጢኖስን ጥብቅነት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጥያቄ አይንቅም። ሊቁ በ395 እ.ኤ.አ. ገደማና በ420 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ውሸት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል፤ በሁለቱም ለመልካም ዓላማ እንኳ ቢሆን መዋሸትን አይፈቅድም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ውሸትን በግልጽ ያወግዛል፤ ነገር ግን በቁጥር 2488 እና 2489 እውነትን የማወቅ መብት ገደብ እንዳለው፣ የማወቅ መብት ለሌለውም ሰው እውነቱን የመግለጥ ግዴታ እንደሌለብን ያስተምራል። ስለዚህ መዋሸት አያስፈልግም። «አልነግርዎትም» የሚለው ቃል ፍጹም እውነት ነው፤ ዝምታም እንዲሁ። አንዳንድ ወጣቶቻችን ከአታላዩ ጋር ግማሽ ሰዓት እየተጫወቱ፣ እየዋሹና እየሰደቡ እንዳደከሙት በኩራት ሲያወሩ እሰማለሁ። መሳቄ አልቀረም፤ ይሁን እንጂ በጨዋታው መካከል ሳያውቁት ስንት ነገር ስለ ራሳቸው እንደሚናገሩ አላሰቡበትም። ስድቡም ቢሆን የሚያረክሰው ከሚወጣበት አፍ ይጀምራል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የተላከው ገንዘብ የሌላ ሰው ነበር። ወሬው በማኅበሩ ሲሰማ አባላቱ ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ተታለሉ እንጂ አልሰረቁም፣ ይቅር ይባሉ አሉ፤ ሌሎቹ በአደራ የተሰጠ ገንዘብ በማንኛውም ምክንያት መነካት አልነበረበትም አሉ። በሹክሹክታ ከዚህ የከፋ የተናገሩም አልጠፉም፤ ስለዚያ መጻፍ አልፈልግም። ምን ትላላችሁ? እኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል ባይ ነኝ። አደራ ከራስ ገንዘብ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በዚህ በኩል እናታችን ጥፋት እንዳለባቸው ራሳቸው ከማንም አስቀድመው ተናግረዋል። በሌላ በኩል ትምህርተ ክርስቶሱ በቁጥር 1735 እንደሚለው ድንጋጤና ፍርሃት የሰውን ተጠያቂነት ይቀንሳሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ያስቀሩታል። ልጅዋ በደም ተነክሮ የታያት እናት የሒሳብ መዝገብ ልታስብ አትችልም። ጥፋት በኃጢአት መጠን ባይቆጠር እንኳ ዕዳ ግን ዕዳ ሆኖ ይቀራል፤ የጎደለውን ገንዘብ ማን እንደሚሸከም መወሰን የማኅበሩ ፋንታ ነበር። በመጨረሻ ግማሹን ማኅበሩ ሊተወው፣ ግማሹን እርሳቸው በየወሩ ጥቂት በጥቂት ሊከፍሉ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ገንዘብ ያለ ሁለተኛ ሰው አይንቀሳቀስም። ይህ ደንብ ከጥፋቱ በፊት ቢወጣ ኖሮ ያ ጠዋት በሌላ መልክ ባለፈ ነበር፤ ገንዘብ የምትይዙ የዕድርና የማኅበር ኃላፊዎች ሁሉ እንድታስቡበት እለምናለሁ።

ስለ ኀፍረት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እኚህ እናት ወደ እኔ የመጡት ነገሩ በደረሰ በዘጠነኛው ቀን ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ለብቻቸው ተሸክመውታል። በዚያው ሰዓት ቢናገሩ ኖሮ ገንዘቡ ከተቀባዩ እጅ ሳይወጣ ሊያዝ ይችል ይሆን ነበር፤ በቴሌብር ለተላከ 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ 951 ደውሎ ማስታወቅ፣ የደዋዩን ቁጥርና መልእክቱን ሳያጠፉ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። ሕጉም ዝም አላለም፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ። ነገር ግን የተታለለ ሰው «እንዴት ሞኝ ሆንሽ?» እንዳይባል ፈርቶ ይደበቃል። ያን ጥያቄ የምንጠይቀው እኛ ነን። «ለማንም አትናገሪ» ያለውን የሌባውን ትእዛዝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም የምናስፈጽምለት እኛው መሆናችንን ሳስብ እኔም አፍራለሁ፤ በመጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል ከዚህ የራቀ አልነበረምና።

ስለ ደዋዩስ? ስለ እርሱ መጸለይ እንደሚገባ ለመናገር ካህን መሆን አያስፈልግም። ይልቅስ ማን ሊሆን እንደሚችል ማሰቡ ይጠቅማል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በምያንማርና በታይላንድ ድንበር አካባቢ በኢንተርኔት ሰው የሚታለልባቸው ግቢዎች ውስጥ ታግተው የቆዩ 260 ያህል ሰዎች ወደ ታይላንድ ሲሻገሩ ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መልካም ሥራ አለ ተብለው ከአገራቸው ወጥተው፣ እዚያ ሲደርሱ በግዳጅ የማያውቁትን ሰው እንዲያታልሉ የተደረጉ የእኛው ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ ራሳቸው የተታለሉ። የአማርኛውን ስልክ የሚደውልልን ግን እንዲህ ታግቶ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙው በፈቃዱ እንደሚሠራ እገምታለሁ። በስልክ የሚሰማን ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ስለማናውቅ ብቻ፣ ስልኩን ስንዘጋ እርግማን ሳንጨምር ብንዘጋ ይሻላል። የወጣት ክፍል መምህራንም ይህን ልብ በሉ፤ መታወቂያህን አውሰኝ፣ በስምህ ሲም ካርድ ላውጣበት፣ ገንዘብ በስልክህ ይግባና አውጥተህ ስትሰጠኝ ድርሻ አለህ የሚል ጓደኛ በየሰፈሩ ሊያጋጥም ይችላል። እንዲህ ያለውን የተቀበለ ልጅ አልደወልኩም ብሎ ንጹሕ አይሆንም። የተሰረቀውን የመመለስ ግዴታ በስርቆቱ የተባበረውንና አውቆ የተጠቀመውንም ይይዘዋል።

በቅርቡ እኚያን እናት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። መሐላቸውን ትተዋል፤ ስልክ ያነሣሉ። ከልጃቸው ጋር አንዲት የቤት ቃል ተስማምተዋል፤ ችግር ደርሶብኛል የሚል ሁሉ ያችን ቃል ካልተናገረ ገንዘብ አይላክም። ለእኔ እንኳ አልነገሩኝም፤ ደስ አለኝ። ቡናው ሳይወርድ ስልካቸው ጮኸ፤ ከማይታወቅ ቁጥር ነበር። አንድ ወጣት የአብሮ አደግ ጓደኛቸው ልጅ መሆኑን፣ ከተማ መጥቶ ቦርሳው እንደ ተሰረቀ፣ ለመሳፈሪያ 300 ብር እንዲልኩለት ለመናቸው። እርሳቸውም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ እናትህን ደውዬ ልጠይቅ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ብለው ዘጉ። የእናቱ ስልክ አልሠራም። አልላኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ያ ወጣት ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን መጣ። እውነተኛ ነበር። ያን ምሽት ከከተማው ዳር ድረስ በእግሩ ሄዶ በጭነት መኪና ተለምኖ ነው የገባው፤ ተቀይሟል። እናታችን ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ላይ አገኙት፤ ጉልበቱን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ደንግጦ ያዛቸው። «አየህ፣ ፊትህን ባየው ኖሮ» አሉት። ከመቀነታቸው 300 ብር ፈትተው ሰጡት፤ አልቀበልም አለ፤ እርሳቸውም እጁን ይዘው ቡና ሊያጠጡት ወደ ቤታቸው ወሰዱት።